ያዩትን መመስከር

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ስለ አንድ ፊልም «መልካም ነው» ወይም «አይረባም» ብሎ መናገር ቀላል ነገር ይመስላል። ቀረጥ አይከፈልበትም፤ ዳኛ ፊት ቀርበህም አትጠየቅበትም። ስለዚህ ብዙ ሰው በዚህ ነገር ላይ ቃሉን ሳይመዝን ይናገራል። እኔ ግን ከጊዜ ብዛት እንደ ተረዳሁት፣ ሰው ስለ ሲኒማ የሚሰጠው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ የተናጋሪውን ጠባይ ይገልጣል። ይህንንም የተማርሁት በሰው ፊት ባፈርሁበት ቀን ነው። ያን ቀን ከመተረኬ በፊት ግን ስለ ነገሩ ጠቅላላ ሁኔታ ጥቂት ልናገር።

እኔና ጥቂት ወዳጆቼ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ በአንደኛው ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን፣ ከዘመን ዘመን ሲመሰገኑ የኖሩትን የቀድሞ ፊልሞች እናያለን። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ይቀርባል፤ ቡናው እየተጠጣም እያንዳንዱ ያየውንና የተሰማውን ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። በዚህ ጉባኤ መካከል ብዙ ጊዜ ስቀመጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ አስተዋልሁ። አንደኛው ለስም የሚሰግድ ነው። ሁለተኛው አሮጌ የሆነውን ሁሉ የሚንቅ ነው። ሦስተኛው አይቶና ተሰምቶት ሳለ ዝም የሚል ነው። ይህን ሦስተኛውን ዝም የሚያሰኙትም ሁለቱ ናቸው።

ለስም የሚሰግደው ሰው ፊልሙ ገና ሳይጀመር ፍርዱን ጨርሶ ይመጣል። እገሌ የተባለ ዐዋቂ አመስግኖታልና እርሱም ያመሰግናል። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። እኔም ከዚህ ወገን ነበርሁ። በወጣትነቴ፣ አሜሪካዊው ኦርሰን ዌልስ በ1941 ስላወጣው «ሲቲዝን ኬን» ስለሚባለው ፊልም አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጌአለሁ።) ዌልስ ያን ፊልም ሲሠራ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ብቻ እንደ ነበረ፣ ፊልሙ የአንድ ባለጸጋ የጋዜጣ ባለቤት ታሪክ እንደ ሆነ፣ ታሪኩንም ያውቁት የነበሩ ሰዎች በየተራ እንደሚያስታውሱት ከጽሑፉ ተማርሁ። ከዚያም በአንድ ግብዣ ላይ ፊልሙን እንዳየ ሰው ሆኜ ግማሽ ሰዓት ያህል አወራሁ። አንድ ሽማግሌ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ «ለመሆኑ ልጄ፣ በመጨረሻ እሳት ውስጥ የሚጣለው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «ደብዳቤ ነው» ብዬ መለስሁ። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ሻያቸውን መጠጣት ጀመሩ። ደብዳቤ አለመሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ፊልሙን ባየሁ ጊዜ ነው። ምን እንደ ሆነ ግን አልነግርህም፤ አንተም እኔ እንዳደረግሁት ሰምተህ እንዳታወራ፣ ራስህ እየው።

የታላላቆች ምስጋና ራሱ የሚለዋወጥ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ አለ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚባለው የእንግሊዝ የሲኒማ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ፣ ከፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ድምፅ ይሰበስባል። በ1952 አንደኛ የወጣው የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ ያን ጊዜ ፊልሙ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። «ሲቲዝን ኬን» በዚያ ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እንኳ አልገባም። በ1962 ግን አንደኛ ሆነ፤ እስከ 2002 በተደረጉት ምርጫዎችም ከቦታው አልተነቃነቀም። በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» አወረደው፤ ይህም ፊልም በ1958 ሲወጣ አንዳንዶቹ ሐያስያን ያመሰገኑት፣ አንዳንዶቹም የነቀፉት ነበር። በ2022 ደግሞ ቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። እርሱም የአንዲት ባል የሞተባትን ሴት የሦስት ቀን ኑሮ፣ ድንች ስትልጥና አልጋ ስታነጥፍ ሳይቀር፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያሳይ ፊልም ነው። በዚህ ምርጫ ሴት ያዘጋጀችው ፊልም አንደኛ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ልብ በል። በእነዚህ ሰባ ዓመታት ውስጥ ከፊልሞቹ አንዱም ስንኳ ፊቱን አልለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ዝርዝር እንደ መንገድ መሪ ብትይዘው ይጠቅምሃል፤ ወዴት እንደምትሄድ ያሳይሃልና። እዚያ ደርሰህ ምን እንዳየህ ግን ሊነግርህ አይችልም። እኔ «ሲቲዝን ኬን»ን በመጨረሻ ባየሁት ጊዜ አደነቅሁት፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ወዳጆቼ ከልቤ አልወደድሁትም። ይህን ለመናገር ስንት ዓመት እንደ ፈራሁ ብነግርህ ትስቅብኛለህ።

ሁለተኛው ሰው በተቃራኒው ይሄዳል። «ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንደ ኤሊ ይሄዳል፤ የአያቶቻችን ነገር ነው» ብሎ ፊልሙን በአሥረኛው ደቂቃ ይተወዋል። እንዲህ ያለው ችኮላ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የሚያስረዳ ታሪክ ልንገርህ። ዣን ረኑዋር የተባለው ፈረንሳዊ በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል፣ «የጨዋታው ሕግ» የሚባለውን ፊልም በፓሪስ አሳየ። ፊልሙ የዘመኑን ባለጸጎች ግብዝነት የሚገልጥ ነበርና ተመልካቹ እየጮኸ አፌዘበት። ረኑዋርም ሕዝቡን ያስቆጣውን ቦታ እየቈረጠ ፊልሙን አሳጠረው፤ እንዲህም ሆኖ አልዳነም። በዚያው ዓመት መንግሥት እንዳይታይ ከለከለው። በጦርነቱም ጊዜ የፊልሙ ዋና ቅጂ በአውሮፕላን ድብደባ ጠፋ። ሥራው ለዘለዓለም ጠፍቶ ሊቀር ይችል ነበር። ነገር ግን ጥቂት የፊልም ወዳጆች የተገኘውን ቁርጥራጭ ሁሉ ለቅመው በ1959 እንደገና አቆሙት። ዛሬ ከዓለም ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በ1960 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም ጉባኤ፣ የሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» ሲታይ ተመልካቹ እያፏጨ ሳቀበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዚያው በእንግሊዙ መጽሔት ምርጫ ሁለተኛ ወጣ።

በአገራችንም በአዲስ አበባ ሲኒማ መታየት በጀመረበት ዘመን፣ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱን ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ በዚህ ስም እንስቃለን። እኔ ግን እነዚያን ሰዎች አልነቅፍም። በግድግዳ ላይ ሥዕል ሲራመድ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የደነገጠ ሰው የተናገረው የራሱን ድንጋጤ ነው፤ አልዋሸም። ፊልሙን በሩቡ አቋርጠን «አይረባም» የምንል እኛ ግን ምን አይተን እንደ ተናገርን ብንጠየቅ መልስ የለንም።

አሁን ወዳፈርሁበት ቀን ልመለስ። አንድ ቅዳሜ ማታ ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራውን «የቶኪዮ ታሪክ» አየን። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ከሚኖሩባት ከኦኖሚቺ ተነሥተው፣ በቶኪዮ የሚኖሩትን ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ። ወንዱ ልጅ ሐኪም ነው፤ ሴቷ የሴቶች ጠጉር መሥሪያ ቤት አላት። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ሥራ በዝቶባቸው ወላጆቻቸውን የሚያጫውቱበት ጊዜ አጡ። በመጨረሻም ገንዘብ አዋጥተው አታሚ ወደምትባል የፍል ውሃ ከተማ ላኩአቸው። ከልቧ የተቀበለቻቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ኖሪኮ ናት። ሽማግሌዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እናቲቱ ታመሙ፤ ወዲያውም ሞቱ።

ፊልሙ እንዳለቀ የመጀመሪያውን ቃል የወሰድሁ እኔ ነኝ። ካሜራው ምንጣፍ ላይ በተቀመጠ ሰው ዐይን ልክ ዝቅ ብሎ መቀመጡን፣ ከቦታውም እምብዛም አለመንቀሳቀሱን አስረዳሁ። ወላጆቻቸውን የዘነጉትን ልጆችም አጥብቄ ኮነንሁ። በመካከላችን አዲስ የመጣ አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነበረ። እርሱም ዐይኑን ሰበር አድርጎ «ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር? እኔ መካከሉ ላይ ሰለቸኝ» አለ። እኔም «እንግዲህ ላንተ የሚስማማህ ጥይት የሚተኰስበት ፊልም ነው» አልሁት። ሁሉም ሳቀ። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ሌላም ቃል አልጨመረ።

በዚያ ቤት የወዳጃችን እናት ሁልጊዜ ከቡናው ዕቃ አጠገብ ተቀምጠው ከእኛ ጋር ያያሉ። ጃፓንኛውንም ሆነ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ በዚያ ማታ ያ ተማሪ ከጎናቸው ሆኖ በቀስታ ወደ አማርኛ እየመለሰ ይነግራቸው ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል እርሳቸው እንዲህ አሉ፦ «ያቺ አሮጊት የልጅ ልጇን ሜዳ ላይ ይዛው ወጥታ፣ ስታድግ ምን ትሆናለህ ብላ ስትጠይቀው ልጁ ሣሩን እየነጨ ዝም አላት። አንተ ያን ጊዜ እኔ በሕይወት እገኝ ይሆን አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደኅና አድርጌ አላየሁትም፤ ዐይኔ ዕንባ ሞላው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው «አንተስ ልጄ፣ እናትህን ካየሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?» አሉኝ።

አንድ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። እናቴ የምትኖርበት ከተማ ደግሞ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። የያዝሁት ስኒ በእጄ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆሜ ባየችኝ ጊዜ ደንግጣ «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ። ያለ መርዶ የማልመጣ ልጅ መሆኔን ምን ያህል እንዳስለመድኋት በዚያች አንዲት ቃል ገባኝ። ያን ፊልም ከማንም ይልቅ የተረጐመችልኝ እርስዋ ናት፤ እርስዋ ግን ፊልሙን አላየችውም።

የልጁም ነገር ነበረ። ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ወር ያህል ከጉባኤያችን ቀረ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁትና «ያን ቀን ያላስጨረስሁህን ዛሬ ጨርስልኝ፤ የሰለቸህ የትኛው ቦታ ላይ ነው?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «ሽማግሌዎቹ ፎቅ ላይ ተቀምጠው፣ ከተማውን የሚያሳያቸው ሰው ሲጠብቁ ነው፤ የሚሠሩት ነገር የለም፣ ቀኑ አልመሽ ይላቸዋል። እኔም አብሬያቸው ቀኑ አልመሽ አለኝ» አለኝ።

አየህ ወዳጄ፤ ስለ ካሜራው ከፍታ ያን ያህል የተናገርሁ እኔ ይህን አላስተዋልሁም። ልጁ የሽማግሌዎቹን መሰልቸት በራሱ ሥጋ ተቀብሎ ነበር፤ አዘጋጁም የፈለገው ይህንኑ እንደ ሆነ አሁን አምናለሁ። እኔ ነቀፌታ መስሎኝ ያፈንሁት ቃል፣ በዚያ ማታ ከተነገረው ሁሉ የሚበልጥ ምስክርነት ነበረ። ሰው «ሰለቸኝ» ቢል ንግግሩን መጀመሩ ነው፤ የት ላይና ለምን ብለህ ብትጠይቀው ይጨርሰዋል። ብትስቅበት ግን ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ምናልባትም ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ ሁሉ ሌሎች ያመሰገኑትን ብቻ የሚያመሰግን ሰው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው የፈጠርነው እኛ ነን።

ልጁ ከተመለሰ ወዲህ በመካከላችን አንድ ልማድ አበጀን። ማንም ሰው ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት፣ በፊልሙ ውስጥ ያየውን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ማመስገን ወይም መንቀፍ ይችላል። ይህን ልማድ የፈተንነው ቀደም ብዬ በጠቀስሁት «የብስክሌት ሌቦች» ላይ ነው። ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ በሮማ ከተማ የሆነ ነው። አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ፈት የማስታወቂያ ወረቀት የመለጠፍ ሥራ አገኘ፤ ለሥራው ግን ብስክሌት ያስፈልገዋል። ብስክሌቱ በብድር መያዣ ተይዞበት ነበርና ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን አስይዛ አስለቀቀችለት። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ተሰረቀ። አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከተማውን ሁሉ ሲፈልጉ ዋሉ፤ በመጨረሻም ተስፋ የቈረጠው አባት ራሱ የሰው ብስክሌት ሰርቆ በልጁ ፊት ተያዘ።

ከልማዱ በፊት ቢሆን ኖሮ አንዱ «ሌባ ሌባ ነው»፣ ሌላው «ጥፋቱ የድህነት ነው» እያለ ሌሊቱን በጩኸት እንጨርሰው ነበር። በዚያ ማታ ግን አንዱ ወዳጃችን የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእነ አንቶኒዮን አንሶላ ተሸክሞ ወደ መደርደሪያው ሲወጣ ማየቱን ተናገረ፤ መደርደሪያው እስከ ጣራው ድረስ በሌሎች ድሆች አንሶላ የተሞላ ነው። ሁለተኛው፣ አባትየው በብስጭት ልጁን በጥፊ እንደ መታው፣ ልጁም ተኰርፎ ከአባቱ ርቆ እንደ ሄደ አስታወሰ። ተማሪው ደግሞ ብስክሌቱ ሲሰረቅ አንቶኒዮ ይለጥፈው የነበረው የሪታ ሄይዎርዝ፣ የሆሊውድ ተዋናይት፣ ሥዕል መሆኑን አመለከተን። «የሌላ ዓለም ሲኒማ በእጁ ይዞ ሳለ የራሱ እንጀራ በኋላው ተወሰደ» አለ። የወዳጃችን እናት በበኩላቸው «ሰዎቹ ከለቀቁት በኋላ ልጁ እጁን ወደ አባቱ እጅ አስገባ፤ እኔ ያየሁት እሱን ነው» አሉ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ አልቀረም፤ ነገር ግን ሌላ መልክ ያዘ። «ሌባ ሌባ ነው» ብሎ የመጣው ሰው የአንሶላውን ክምር መልሶ መላልሶ አሰበ። «ጥፋቱ የድህነት ነው» ያለውም ያችን ጥፊ ድህነት ብቻ እንዳልሰነዘራት አመነ። እኔም በተራዬ አንድ ነቀፌታ አቀረብሁ። በዚህ ፊልም ሙዚቃው በአንዳንድ ቦታ «አልቅስ፣ አልቅስ» እያለ ተመልካቹን ይጐትተዋል፤ የብሩኖ ፊት ብቻውን ይበቃ ነበር። ኦዙ በእንዲህ ያለው ቦታ ይበልጥ ይቈጠባል፤ ስለዚህ ኀዘኑ ዘግይቶ ይመጣል፤ ከመጣ በኋላም ቶሎ አይወጣም። ተማሪው ግን «ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም» አለኝና ምክንያቱን ዘረዘረ። አስጨረስሁት። እስከ ዛሬም አልተስማማንም፤ ሆኖም ከዚያ ማታ ሁለታችንም ፊልሙን አብልጠን ዐውቀን ተነሣን።

ስለዚህ ወጣት ወዳጄ፣ ስለ ቀድሞ ፊልሞች አስተያየት በምትሰጥበት ጊዜ ራስህን እንደ ምስክር ቍጠር። ምስክር በመጀመሪያ በቦታው የነበረ መሆን አለበት፤ ፊልሙን እስከ መጨረሻው እይ። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ካነበብኸው ወይም ከሰማኸው ለይተህ ተናገር። ምስክር ሌላውን ምስክር አያቋርጥም፤ ይልቁንም ከአንተ ያነሰ ዕድሜ ወይም ትምህርት ያለውን አስቀድመህ አድምጥ፤ አንተ ያላየኸውን እርሱ አይቶት ይሆናልና። ከዓመታት በኋላም ተመልሰህ ስታየው ሌላ ነገር ብታይበት ቃልህን ለመለወጥ አትፈር። በሃያ ዓመትህ ከልጆቹ ጋር የምታየውን «የቶኪዮ ታሪክ»፣ በስድሳ ዓመትህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነህ ታየዋለህ።

ከሁሉ በላይ ግን በፊልሙ ላይ የፈረድኸው ፍርድ ወደ ቤትህ ተከትሎህ ሲመጣ በሩን አትዝጋበት። እኔ በቶኪዮ ልጆች ላይ ፈርጄ ሳበቃ ፍርዱ የራሴ ሆኖ አገኘሁት። አሁን እናቴን በየሁለት ወሩ እጠይቃታለሁ። በሩ ላይ ስታየኝ «ማን ሞተ?» አትለኝም፤ «ግባ፣ ምሳ ደርሷል» ትለኛለች።